የሰለለችው ቀኝ እጅ
በዓሣ ፋብሪካ ለሚደክሙ ምእመናን የተዘጋጀ ትምህርት



ወደ አላስካ ለዓሣ ሥራ ሄዶ የተመለሰ ሰው ከቅዳሴ በኋላ ቀረብ ብሎ፣ «እጄ ሌሊት ሌሊት ይደነዝዛል፤ ጠዋት ጣቴ አልታጠፍ ይለኛል። ፈተና ነው ወይስ የኃጢአቴ ዋጋ?» ብሎ ይጠይቃል። ሌላው ይህን እንኳ አይጠይቅም። ብርድ መታኝ ብሎ በቪክስ ያሻሻል፣ ጅማቴ ዞረ ብሎ ወጌሻ ፍለጋ ይሄዳል፣ ከዚያ ለቀጣዩ ሲዝን ትኬት ይቆርጣል። ትምህርቱ ለሁለቱም ነው። አስቀድመን ግን ሕመሙ ከየት እንደሚመጣ እንይ፤ የአንድን ነገር ምክንያት ሳያውቁ ስለ ፈቃደ እግዚአብሔር መናገር ድፍረት ነውና።

ከሲያትል የሚነሡት ወገኖቻችን ብዙዎቹ የሚያመሩት ወደ ቤሪንግ ባሕር ደሴቶች ነው። በኡናላስካ ከተማ ያለው ደች ሃርበር ከሃያ ዓመታት በላይ በሚወርድበት የዓሣ ክብደት በአሜሪካ ወደቦች ሁሉ ላይ መሪ ሆኖ የቆየ ነው። በፋብሪካዎቹ ፊሊፒናዊው፣ ሜክሲኳዊው፣ ሶማሌው፣ ኤርትራዊውና የእኛ ሰው ትከሻ ለትከሻ ይቆማሉ። ዋናው ዓሣ ፖሎክ ይባላል፤ የፈጣን ምግብ ቤቶቹ የዓሣ ሳንድዊችና ሸርጣን መሰሉ ቀይና ነጭ ዱላ አብዛኛው ከእርሱ የሚሠራ ነው። ኤ ሲዝን የሚባለው ወቅት በጃንዋሪ 20 ይከፈታል። በእኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ ጥር 12፣ የቃና ዘገሊላ ዕለት ማለት ነው። የቅዱስ ሚካኤል ታቦት በዝማሬ ወደ መንበሩ በሚመለስበት ቀን ወንድማችን የላስቲክ ቦቲውን አጥልቆ መስመር ላይ ይቆማል። ሺፍቱ 12 ሰዓት ነው፤ ዓሣው ሲበዛ 16 ይደርሳል፤ በሳምንት ሰባት ቀን።

እስቲ አንድ ቦታ ላይ ቆም እንበል። ከሥሩ መብራት የሚበራበት ነጭ ጠረጴዛ አለ፤ ሠራተኞቹ ካንድሊንግ ይሉታል። የተበለተው ሥጋ በቀበቶ እየተጓዘ ይደርሳል። ሠራተኛዋ በግራ እጇ ታነሣዋለች፣ በብርሃኑ ላይ ትዘረጋዋለች፣ ትል ወይም አጥንት ካየች በቀኝ እጇ ቢላ ቆርጣ ታወጣለች፣ ትገፋዋለች። ቀጣዩ ደርሷል። አንገቷ አጎንብሷል፣ ክርኗ ከጎኗ ርቆ በአየር ላይ ተንጠልጥሏል፣ አንጓዋ ወደ ውጭ ታጥፏል፣ አውራ ጣቷ የቢላውን ጀርባ ይጫናል። ለአንዱ ስድስት ሴኮንድ ብንሰጥ በደቂቃ አሥር፣ በሰዓት ስድስት መቶ ይሆናል፤ በአሥር የሥራ ሰዓት ስድስት ሺህ ጊዜ ያው አንድ እንቅስቃሴ ነው። ይህ የአንድ ቀን ስሌት ነው።

በሌላው ጫፍ፣ በማሸጊያው በኩል፣ የቀዘቀዘው ሥጋ ብሎክ ሆኖ ይወጣል። አንዱ ብሎክ 7 ኪሎ ተኩል ገደማ ይመዝናል፤ ሦስቱ በአንድ ካርቶን ይገባሉ፤ ካርቶኑ 22 ኪሎ ተኩል ያህል ይሆናል። በደቂቃ አንድ ካርቶን የሚያነሣ ጎልማሳ በአሥር ሰዓት ውስጥ 135 ኩንታል በወገቡ አሳልፏል ማለት ነው። አገር ቤት 135 ኩንታል እህል ብቻህን አውርድ ቢባል ሽማግሌ ያስቆም ነበር። እዚህ ግን ክብደቱ በየካርቶኑ ተከፋፍሎ ስለሚመጣ ማንም ድምሩን አይቆጥረውም፤ ወገብ ብቻ ይቆጥረዋል።

አሁን ወደ እጁ ውስጥ እንግባ። ጣትን የሚያጥፈው ጡንቻ ጣት ላይ የለም፤ ክንድ ላይ ነው። ከዚያ ተነሥተው ዘጠኝ ጅማቶች በእጅ አንጓ በኩል አልፈው ወደ ጣቶች ይዘልቃሉ። የሚያልፉበት ቦታ ጠባብ ነው፤ ከታች አጥንት፣ ከላይ ጠንካራ ሽፋን አለው። በዚያው ጥበት ውስጥ ከጅማቶቹ ጋር አንድ ነርቭ ያልፋል፤ ለአውራ ጣት፣ ለጠቋሚ፣ ለመሐል ጣትና ለቀለበት ጣት ግማሽ ስሜት የሚሰጠው እርሱ ነው። ጅማት በልባሱ ውስጥ ሲንሸራተት፣ በጉድጓድ አፍ ድንጋይ ላይ እንደሚመላለስ የውኃ መቅጃ ገመድ ነው። ጥቂት ጊዜ ቢመላለስ ምንም አይሆንም፤ ያለ ዕረፍት ሲፈተግ ግን ልባሱ ይቆጣል፣ ያብጣል፤ ሲያብጥ ቦታው ይጣበባል፤ ነርቩም ይጨነቃል። ሐኪሞች ካርፓል ተነል የሚሉት ይህ ነው። ሌሊት የሚብሰው ተኝተን አንጓችንን ስለምናጥፍ ነው፤ ታማሚው ይባንንና እጁን እያራገፈ ይቀመጣል። ቶሎ ከተያዘ ይመለሳል። ከቆየ ግን ከአውራ ጣት ሥር ያለው ሥጋ ይሟሽሻል፤ ሰውየው የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ ያቅተዋል።

ይህ ግምት አይደለም። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 652 ሠራተኞችን መርምረው በ1987 ባወጡት ጥናት፣ ጉልበትና ድግግሞሽ ሁለቱም ከፍ ያሉበት ሥራ ላይ ያሉት፣ ሁለቱም ዝቅ ካሉበት ሥራ ይልቅ ካርፓል ተነል ከ15 እጥፍ በላይ ተገኝቶባቸዋል። ልብ በሉ፤ ዋናው ጥፋት ያለው በሁለቱ መደማመር ላይ ነው። በታይዋንም በ1993 ከስምንት የዓሣ ፋብሪካዎች የተውጣጡ 207 ሠራተኞች ተጠንተው የትከሻቸውና የክንዳቸው ሕመም ከዚሁ ከጉልበትና ከድግግሞሽ ጋር ተያይዟል። በስዊድን ደግሞ በ1990ዎቹ በተጠኑ የዓሣ ፋብሪካዎች ውስጥ ሴቶቹ በተደጋጋሚው የእጅ ሥራ ላይ፣ ወንዶቹ ይበልጥ በሚለዋወጠው ሥራ ላይ ሆነው ተገኙ፤ በአንገትና በትከሻ ሕመም የበለጠ የተጎዱትም ሴቶቹ ናቸው። «ሴት ስለሆነች ነው» የሚለው ወሬ፣ የቆመችበትን ቦታ ሳያይ የሚወራ ነው።

ብርድ መታኝ ያለው ሰውም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። እጅ ሲቀዘቅዝ ስሜቱ ይደክማል፤ የያዘው እንዳያመልጠው ከሚያስፈልገው በላይ አጥብቆ ይጨብጣል። ከጥጥ ጓንት በላይ የላስቲክ ጓንት ሲደረብ ጭብጡ የባሰ ጉልበት ይጠይቃል። ቢላው ከደነዘ ደግሞ እንዲሁ። ስለዚህ ብርዱ አጋዥ ነው እንጂ ብቻውን ጥፋተኛ አይደለም፤ ቪክሱም እስከ ጅማቱ አይደርስም።

እዚህ ላይ ከደረስን የመጀመሪያውን ጥያቄ መመለስ እንችላለን። ድካም የአዳም ዕዳ ስለሆነ ዝም ብሎ መሸከም ነው የሚሉ አሉ። ኦሪት ዘፍጥረትን በጥንቃቄ ያነበበ ግን እንዲህ አይልም። እግዚአብሔር አዳምን በገነት ሲያኖረው እንዲያበጃትና እንዲጠብቃት ነበር (ዘፍ. 2፥15)፤ ሥራ ከውድቀት በፊት የተሰጠ ክብር ነው። ከውድቀት በኋላ በምዕራፍ 3 የተረገሙት እባብና ምድር ናቸው፤ የአዳም እጅ አልተረገመም። ምድር እሾህና አሜከላ እንድታበቅል ተነገረ፤ ላብም መጣ። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን በቀበቶው ላይ ዓሣው በየስንት ሴኮንዱ እንዲደርስ የወሰነው ማን ነው? ምድር አይደለችም። በቢሮ የተቀመጠ ሰው ቁልፍ ላይ ያደረገው ቁጥር ነው። እሾህ የአዳም ዕዳ ነው ቢባል እንኳ፣ የመስመር ፍጥነት የአዳም ዕዳ አይደለም። ሰው ያደረገውን በእግዚአብሔር ላይ ማላከክ አይገባም፤ ሰው ያደረገውን ሰው ሊያሻሽለው ይችላልና።

ይህ ጉዳይ ለመጽሐፍ ቅዱስ አዲስ አይደለም። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 5 ፈርዖን ጭዱን ከለከለ፣ የጡቡን ቁጥር ግን አልቀነሰም። ሕዝቡ ሲጮኹ የሰጠው መልስ ሰነፎች ናችሁ የሚል ነበር። ኮታን በሰው አቅም ሳይሆን በራስ ፈቃድ መወሰን፣ ያልቻለውን ደግሞ ሰነፍ ማለት ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የሚታወቅ ነው። እግዚአብሔርም ለዚህ የሰጠው ምላሽ ሕዝቡን ማውጣት ብቻ አይደለም፤ ዕረፍትንም ሕግ አድርጎ ሰጠው። ዘዳግም 5፥14-15ን ተመልከቱ። ሰንበት የታዘዘው ለባለቤቱ ብቻ ሳይሆን ሎሌውና ገረዱ እንደ እርሱ እንዲያርፉ ነው፤ ምክንያቱም ሲነገር በግብፅ ባሪያ እንደነበርክ አስብ የሚል ነው። እንግዲህ ዕረፍት ጌታው ደስ ሲለው የሚሰጠው ስጦታ ሳይሆን ለሠራተኛው የተጻፈ ሕግ ነው።

እኛ ደግሞ በዚህ ላይ ልዩ ታሪክ ያለን ሕዝብ ነን። አባታችን አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ስለ ቀዳሚት ሰንበት ብለው ከአገራቸው ተሰደው በፈረንጆች 1352 በአርመን አረፉ። ለደቀ መዛሙርታቸው ከመቶ ዓመት ገደማ ክርክር በኋላ፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ በፈረንጆች 1450 በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ተወስኖላቸዋል። ስለ አንድ ቀን ዕረፍት መቶ ዓመት የተከራከሩ አባቶች ልጆች፣ አሥር ደቂቃ እረፍት መጠየቅን እንደ ነውር ሲያዩት ማየት ያሳዝናል።

«መምህር፣ ዓሣው ይበላሻል፤ ጀልባው እሑድ ቢደርስ ምን እናድርግ?» የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ጌታችን በሰንበት ጉድጓድ ውስጥ የወደቀን በግ ማውጣትን አልነቀፈም (ማቴ. 12፥11)። በሲዝን መካከል እሑድ የሠራውን ወንድም አንወቅሰውም። ነገር ግን በጉ ከወጣ በኋላ ሁለተኛ በግ ካለ ሁለተኛው ይወጣል እንጂ፣ ያወጣው ሰው በጉድጓዱ ይውደቅ ማለት አይደለም። ሳምንታዊው ዕረፍት ቢዘለል በቀኑ ውስጥ ያለው ዕረፍት አይዘለልም፤ ጌታም ደቀ መዛሙርቱ እህል ለመብላት እንኳ ጊዜ ባጡ ጊዜ ወደ ሌላ ቦታ ወስዶ ጥቂት ዕረፉ ብሏቸዋል (ማር. 6፥31)። በየሰዓቱ ጥቂት ደቂቃ እጅን ማሳረፍ፣ በየሁለት ሰዓቱ ቦታ መለዋወጥ፣ ጠረጴዛውን በክርን ከፍታ ልክ ማድረግ፣ ቢላ በየጊዜው መሞረድ ዓሣውን አያበላሹም። መለዋወጡ ግን እውነተኛ ይሁን። ከካንድሊንግ ወደ ሌላ የቢላ ቦታ መዛወር ለአንጓው ዝውውር አይደለም፤ ስሙ ብቻ ነው የተለወጠው።

ወደ ርእሳችን እንመለስ። ሉቃስ በምዕራፍ 6 በምኩራብ ስለነበረ እጁ የሰለለ ሰው ሲነግረን ቀኝ እጁ እንደሆነች ለይቶ ይጽፋል። የላቲኑ ሊቅ ጄሮም፣ በ398 ገደማ በጻፈው የማቴዎስ ትርጓሜ፣ አንዳንድ አይሁዳውያን ክርስቲያኖች በሚያነቡት ወንጌል ይህ ሰው ግንበኛ እንደነበረና በእጁ ሠርቶ ይበላ እንደነበር፣ ልመና እንዳይወጣ ጌታን እንደለመነው መጻፉን ያወሳል። ይህ ከአራቱ ወንጌላት የተገኘ ስላልሆነ እንደ ቀኖና አንይዘውም። ግን የጥንቶቹ አንባቢዎች የሰለለችን ቀኝ እጅ ሲያዩ ወዲያው ስለ እንጀራ ማሰባቸውን ያሳያል።

ጌታ አስቀድሞ ተነሥተህ በመካከል ቁም አለው። ለምን በመካከል? ተአምራቱ ለሁሉ እንዲታይ ነው። አንድም፣ የሚከሱት ፈሪሳውያን ከአንድ ሰው እጅ መዳን ይልቅ ለመክሰሻ እንደሚያስቡ እንዲገለጥባቸው ነው። አንድም፣ ሰውየው ከልብሱ በታች የሸሸገውን ጉዳት ወደ ብርሃን እንዲያወጣ ነው። የመጨረሻው ለእኛ ይሆናል። ምክንያቱም በዓሣ ፋብሪካ ትልቁ ልማድ መደበቅ ነው። ወደ ነርሷ ከሄድኩ ወደ ቤት ይመልሱኛል፣ ኮንትራቴን ካልጨረስኩ የመመለሻ ትኬቱን ከደመወዜ ይቆርጡታል፣ እናቴ ትጠብቃለች፤ እነዚህ ፍርሃቶች ከባዶ የመጡ አይደሉም፤ አንንቃቸውም። ሰውየው ግን እጁን ዘርግቶ ነው የዳነው።

«ዝም ማለት ትዕግሥት አይደለም ወይ?» ይላሉ። አይደለም። ጌታችን በሊቀ ካህናቱ ፊት በጥፊ በተመታ ጊዜ ቁጣ አልመለሰም፤ ነገር ግን ስለ ምን እንደመታው ጠይቆታል (ዮሐ. 18፥23)። ቅዱስ ጳውሎስም ሊገርፉት ሲያስሩት የሮማ ዜጋ መሆኑን ተናግሮ ሕጉን ጠቅሷል (ሐዋ. 22፥25)። ሁለቱም ስለ እውነት መከራን ተቀብለዋል፤ ያለ ምክንያት ለሚመጣ ጉዳት ግን ዝምታን ጽድቅ አላደረጉትም። ሰማዕትነት ስለ ሃይማኖት ነው፤ ለዓሣ ብሎክ ሰማዕትነት የለም።

ሐኪምን በተመለከተ አጭር ነው። ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን የፈጠረው እግዚአብሔር እንደሆነ፣ መድኃኒትንም ከምድር እንዳወጣ ያስተምራል። ጠበሉም ይቀጥል፣ ሐኪሙም ይታይ። ወጌሻ ያበጠ ጅማትን በኃይል ሲያሽ ግን ማባባስ ነው። በየሺፍቱ አይቡፕሮፊን እየዋጡ መቆምም ሕመሙን ይሸፍነዋል እንጂ ጅማቱን አያሳርፈውም፤ በባዶ ሆድ ሲሆን ደግሞ ጨጓራን ይጎዳል። ሐኪም ፊት ስትቀርቡ «እጄን ያመኛል» ብቻ አትበሉ። የምትሠሩትን አሳዩት፦ ስንት ሰዓት፣ በደቂቃ ስንት ጊዜ፣ አንጓችሁ ወዴት ታጥፎ። ማዕበሉ ሲበረታ መርከበኞቹ ዮናስን ከጠየቁት አንዱ ሥራው ምን እንደሆነ ነበር (ዮናስ 1፥8)። ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒም በ1700 ባሳተመው የሠራተኞች በሽታ መጽሐፉ፣ ሐኪሞች ከሚያቀርቡት ጥያቄ ላይ ይህንኑ እንዲጨምሩ አሳስቧል። ሐኪሙ ካልጠየቀ እናንተ ንገሩት።

ለአሠሪዎችና ለአለቆችም የሚነገር አለ። ያዕቆብ በመልእክቱ የሠራተኞች ጩኸት ወደ ጌታ ጆሮ እንደሚገባ ጽፏል (ያዕ. 5፥4)፤ የተያዘ ደመወዝ እንዲህ ከጮኸ፣ ከደመወዙ ጋር የተወሰደች እጅ እንዴት አትጮኽ? የአሜሪካ መንግሥት በኖቬምበር 2000 ስለዚህ ዓይነት ጉዳት ደንብ አውጥቶ ነበር፤ በማርች 2001 ተሻረ። የዋሽንግተን ግዛትም በ2000 የራሱን አውጥቶ በ2003 በሕዝብ ድምፅ ተሽሯል፤ በ2023 ምክር ቤቱ ጉዳት ለሚበዛባቸው የሥራ ዘርፎች እንደገና ደንብ ለማውጣት በር ከፍቷል። ሕግ የሚወጣና የሚሻር በሰው ድምፅ ነው፤ ዜግነት ያላችሁ ይህን አስቡበት።

በመስመሩ ላይ ሊድ ሆናችሁ ለተሾማችሁ ልጆቻችን ግን ከሁሉ አጥብቄ እናገራለሁ። ቋንቋ ስለምታውቁ ተመረጣችሁ፤ በዚያው ቋንቋ ወገናችሁን «ፍጠን» ትሉበታላችሁ። በፈርዖን ዘመን ከእስራኤል ወገን የተሾሙ አለቆች ነበሩ፤ ቁጥሩ ሲጎድል የተገረፉት እነርሱ ነበሩ። እነርሱ ግን ወደ ፈርዖን ገብተው ለሕዝቡ ጮኹ (ዘጸ. 5፥15)። ሊድ የሆነ ሰው ወደ ታች የሚጮኸውን ያህል ወደ ላይም ይናገር።

ሕመም የጀመረው ሰው፣ በአላስካ ሕግ ጉዳቱን በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ለአሠሪው ማሳወቅ እንዳለበት ይወቅ። ቃል ብቻ አይበቃም፤ የጻፈበትን ቅጂ ወይም ፎቶ ለራሱ ያስቀር። በባሕር ላይ መርከብ ውስጥ የሚሠራ ከሆነ የሚገዛው ሌላ ሕግ ስለሆነ ጠበቃ ይጠይቅ።

የቀረችው ስለ ስግደት ናት፤ ብዙዎች ስለሚሸማቀቁባት እንጨርስባት። ዐቢይ ጾም የሚገባው በኤ ሲዝን መካከል ነው። አንጓው የታመመ ሰው መዳፉን ወይም ጭብጡን መሬት ላይ ተክሎ ሲሰግድ፣ ቀን የተጎዳው ቦታ ላይ ሙሉ ክብደቱን ይጭናል። ፍትሐ ነገሥት በአንቀጽ 15 ስለ ጾም ሲደነግግ ሕመምተኛን አያስጨንቅም፤ ስግደትም በዚሁ መንፈስ ይታያል። ግንባር ምድር የሚነካበት ሰጊድ አለ፣ ጉልበት የሚንበረከክበት አስተብርኮ አለ፣ ራስን ዝቅ የሚያደርጉበት አድንኖ አለ፤ ለአንጓና ለትከሻ ሕመምተኛ አድንኖ እስኪድን ሊበቃው ይችላል። ይህን ግን በራሱ አይወስን፣ ከንስሐ አባቱ ጋር ይወስን፤ ያውም ወደ አላስካ ከመብረሩ በፊት። እዚያ ከደረሰ በኋላ የእርሱ የእረፍት ሰዓትና የአባቱ የስልክ ሰዓት እምብዛም አይገናኙም።